ኢዝሚር፦ ለጉብኝት ወይስ ለጥየቃ?

ሰላም ለሁላችሁ። ኢዝሚር የተማራችሁ፣ የሠራችሁ ወይም በሆነ አጋጣሚ የኖራችሁ ሁሉ እስኪ አማክሩኝ።

እኔ ኢዝሚር የገባሁት በ2006 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ በቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። አንድ ዓመት ቋንቋ፣ አራት ዓመት ኤጌ ዩኒቨርሲቲ። አምስቱንም ዓመት ቦርኖቫ በሚባለው ሰፈር ኖርኩ። መጀመሪያ ዶርም ነበርን። በሁለተኛው ዓመት አራት ሴቶች ሆነን ቤት ተከራየን። አሁን አንዷ ሚኒሶታ ናት፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዷ አዳማ፣ እኔ አዲስ አበባ። በቴሌግራም «ዘንድሮማ እንሄዳለን» ስንባባል ስምንት ዓመት ሄደ። አሁን ግን ቆርጠናል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ኢዝሚር እንገናኛለን።

ፕላኑ ላይ አልተስማማንም። ሁለቱ ኤፌሶንን፣ ፓሙካሌንና ቼሽሜን ማየት ይፈልጋሉ። ተማሪ ሳለን ገንዘብ ስላልነበረን አላየናቸውም፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉ በፊት ቴይዜን እንፈልግ እላለሁ።

ቴይዜ በቱርክኛ የእናት እህት ማለት ነው። ትልልቅ ሴቶች ሁሉ እንዲያ ይጠራሉ። የእኛዋ ቴይዜ አከራያችን ነበሩ፤ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በገባን በመጀመሪያው ቅዳሜ ቡና ስንቆላ ጭሱ ደረጃውን ሞላው። ቤት የተቃጠለ መስሏቸው በነጠላ ጫማ እየሮጡ ወረዱ። ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ፣ ቁጭ አሉ፣ እስከ በረካ ጠጡ። አንድ ስኒ ቡና የ40 ዓመት ውለታ አለው የሚለውን የቱርኮች አባባል ያስተማሩን ያን ቀን ነው።

ሁለታችን እንጾም ነበር። ሥጋም ቅቤም አይብም የማንነካበት ቀን እንዳለ ሲሰሙ፣ ረቡዕንና ዓርብን ግድግዳቸው ላይ ባለው ካላንደር ክብ አደረጉባቸው። የኢዝሚር ሰው አትክልት በወይራ ዘይት አብስሎ ቀዝቀዝ ሲል ይበላል፤ ዘይቲንያሊ ይሉታል። ፎሶሊያው፣ እሸት ባቄላው፣ ከባሕር ዳር የሚለቀመው ጨው ጨው የሚል ቅጠል በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ። ከሁሉ በላይ ኤንጊናር። ውጭው እሾሃማ አበባ ይመስላል፤ የሚበላው ልቡ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ረቡዕ ማታ በራችን ይንኳኳል፣ ሳህን ይገባል።

ኤፌሶን 2 ሺህ ዓመት ቆሟል፤ ለሌላ ጊዜም ይደርሳል። ቴይዜ ግን ስንለያያቸው 73 ዓመታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 2020፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ያ የመሬት መንቀጥቀጥ ኢዝሚርን ሲመታ ደወልኩላቸው። ስልካቸው አይሠራም። ክፉኛ የተጎዳው ባይራክሊ ከቦርኖቫ ጎን ነው። 117 ሰው ነው ያለቀው። ያኔ በሌላ መንገድ አለማፈላለጌ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ኢዝሚር ለጉብኝት ሳይሆን ለጥየቃ እንሂድ ነው። ተመልሶ የሄደ አለ? መቼ ቢሆን ይሻላል? ሰውስ በሰፈር ተጠይቆ ይገኛል?

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት የምልልሱ ክር ከረዘመ በኋላ ነው። አዲስ የምትገቡ እንዳትቸገሩ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ ቃል ላስቀምጣቸው።

መልስ 1

ከጀርመን የጻፈ ወንድማችን ነው። በጣም ጨዋ ሰላምታ አቀረበና ሐሳቤን እንደሚደግፍ ተናገረ። እሱ ከኢዝሚር የወጣው በ2004 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ብቻውን ለሦስት ቀን ተመልሶ ነበር። የድሮውን የትራንስፖርት ካርድ፣ ኬንትካርትን፣ ከቦርሳው አውጥቶ ይዞት ሄደ፤ ካርዱ ከተቀየረ ቆይቷል፤ አሁን ኢዝሚሪም ካርት ነው። በእሱ ጊዜ ሜትሮው ኡችዮል ላይ ያልቅ ነበር፤ አሁን ናርልዴሬ ድረስ ይሄዳል። በባሕሩ ዳር ትራም ተዘርግቷል። ኮናክ አደባባይ ያለችው እ.ኤ.አ. የ1901ዱ የሰዓት ማማ ብቻ እንደነበረች ናት። ከማማው ሥር ቆሞ የሚደውልለት ሰው እንዳጣና ያ ቀን በጣም እንደከበደው ጻፈ። ብቻችሁን አትሂዱ የሚለው ምክሩ ከዚህ የመጣ ነው።

መልስ 2

የአንዲት እህት ነው፤ አጭርና ጠቃሚ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ወዲህ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። የሚኒሶታዋ ጓደኛችን ስለዚህ ችግር የለባትም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዝን ግን ቪዛውን ቀደም ብለን እንጀምር አለች። ኢስታንቡል ላይ የምትቀይሩም የምታውቁት አታቱርክ ኤርፖርት መሆኑ እንደቀረና መንገደኛው በእ.ኤ.አ. 2019 ወደ አዲሱ እንደተዛወረ አስታወሰች።

መልስ 3

ይህ አረመኝ፣ እኔም ተቀበልኩ። ግንቦት መጨረሻ ስል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልገለጽኩም ነበር። ዱባይና ሚኒሶታ ያለ ሰው ሜይ ብሎ ይሰማዋል፣ አዲስ አበባ ያለው ግንቦት 30ን ያስባል። እነሱ ቲኬት ከቆረጡ በኋላ ቢሆን ጉድ ነበር። ሌላም ነገር ነገረን። ግንቦት 19፣ ማለትም ሜይ 27፣ የኩርባን ባይራም ወይም የአረፋ የመጀመሪያው ቀን ነው። ቱርኮች በዓሉን በስሌት አስቀድመው ስለሚያውጁ ጨረቃ መጠበቅ የለም። የእሱ ምክር ከዚያ ሳምንት ሽሹ ነው። አውቶቡስ ይሞላል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ የኢዝሚር ሰው ወደ ቼሽሜ፣ ኡርላና ፎቻ የበጋ ቤቱ ይፈልሳል።

መልስ 4

ይህች እህት ደግሞ በትክክል ተቃራኒውን ተናገረች፣ እኔንም አሳመነችኝ። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ኢዝሚር፣ ቡጃ ሰፈር ተምራለች። መልስ 3 ያለው ሁሉ እውነት ሆኖ፣ የሚሄደው ግን ወጣቱ ነው አለች። ሽማግሌ ቤቱ ይቀመጣል፣ በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። በባይራም የትልቅ ሰው እጅ ይሳማል፣ ከዚያ እጁ ወደ ግንባር ይነካል። እኛ ጉልበት ስመን የምንመረቀው ዓይነት ነው። በሦስተኛ ዓመቷ ዶርሙ ባዶ ሲሆንባት አንድ ጎረቤት አሮጊት ጋ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ከረሜላና ባቅላቫ ተደርድሯል። ከሰዓት እስኪሆን ከእሷ በቀር የመጣ ልጅ አልነበረም። ሴትዮዋ የእሷን እጅ ይዘው ሲያለቅሱ ምን እንደምትል ጠፋት። ጥየቃ ከሆነ ነገሩ፣ ከባይራም የተሻለ ቀን የለም ብላ ዘጋች።

ይህን አንብቤ በዚያው ማታ ለሦስቱ ላክሁላቸው። ቀኑ ተቆረጠ።

መልስ 5–9

እዚህ ጋ ወሬው ወደ ምግብ ዞረ። ሌላው ቱርክ ሲሚት የሚለውን ክብ የሰሊጥ ዳቦ ኢዝሚር ጌቭሬክ ይለዋል። የሱፍ ፍሬውም እዚያ ስሙ ቺዴም ነው፤ በባሕሩ ዳር፣ ኮርዶን ላይ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እስክትጠልቅ የምንፈለፍለው። አንዱ ቦዮዝ የቱርክ ነው ሲል ሌላዋ አረመችው፤ ከስፔን ከ1492 በኋላ ተባረው የመጡት አይሁዶች ይዘውት የገቡ ቂጣ ነው፣ በእንቁላልና በሻይ ይበላል። ሦስት ሰው በየተራ የቦዮዝ ትዝታውን ጻፈ። እኔ ራሴ አንብቤ ራበኝ።

መልስ 10

ይህ ወንድም በቁጣ ነው የገባው። ማር ማር የሚል ነገር ብቻ ስለምንጽፍ ተናዶ ነበር። ቤት ሲፈልግ ለውጭ አገር ሰው አናከራይም ተብሎ በር ተዘግቶበታል። አውቶቡስ ውስጥ ሳይፈቅድ ፀጉሩን ነክተውታል። ባስማኔ ሰፈር በሄደ ቁጥር መታወቂያ አውጣ ይባላል፤ አንድ ሰሞን በሳምንት ሦስት ጊዜ። እንዲህ ላደረገ ከተማ አንድ ዶላር አላወጣም፣ እናንተም ራሳችሁን አትዋሹ አለ።

መልስ 11

የመልሱ መልስ ከባድ ነበር። ነፃ ትምህርት፣ ነፃ ዶርም፣ የኪስ ገንዘብ ተሰጥቶህ እንዴት እንዲህ ትላለህ፣ ምስጋና ቢስ ነህ የሚል። አላማረኝም። የተማረ ሰው ስለ ተከፋበት ነገር አያውራ ማለት ነው እንዴ?

መልስ 12

ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ ስለ ገንዘብ አነሳ። በእኛ ጊዜ አንድ ዶላር ሁለት ሊራ አካባቢ ነበር፤ አሁን ከ40 በላይ ነው። ስለዚህ ዶላር ይዞ የሄደ ይንደላቀቃል አለ። ወዲያው ከሥሩ አንድ ሰው አቋረጠው፤ ዋጋውም አብሮ ሽቅብ እንደወጣ፣ በድሮው ሊራ እያሰቡ የሚሄዱ ሰዎች በሁለተኛው ቀን እንደሚደነግጡ ነገረው።

መልስ 13

ይህ የእኔ ነው። ለመልስ 10 የሚገባው መልስ ስለመሰለኝ ረዘም አድርጌ ጻፍኩ። እኛም ቤት ስንፈልግ ሰባት በር ተመልሰናል። በስልክ ቱርክኛችንን ሰምተው እሺ ያሉ፣ መልካችንን ሲያዩ ተከራይቷል ብለዋል። አንዱ ደላላ ፊት ለፊት ሳቀብን። ስምንተኛዋ ቴይዜ ናቸው። እሳቸው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቶቻችን በሕይወት አሉ ወይ ብለው። ሰባቱን በር ስለማልረሳ ነው ስምንተኛዋን የምፈልገው። መልስ 10 የጻፈው ነገር ከእኔ ጽሑፍ ጎድሎ ነበር፣ መኖሩ ትክክል ነው።

መልስ 14

ይህ ወንድም የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 2016 ማታ፣ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሌሊት፣ ከየሚናራው ሰላ የሚባለው ጥሪ ያለ ሰዓቱ ሲሰማ ሰው የሞተ መስሎት ነበር። ሰላ ለቀብርም ይጠራልና። በሚቀጥለው ሳምንት በአዋጅ ከተዘጉት 15 የግል ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የእሱ ሆነ። ተማሪው ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተበተነ። ለትምህርት ማስረጃ ብሎ ያየው ፍዳ ሁለት ዓመት ፈጀ። እሱ ተመልሶ የሚያንኳኳው በር ባይኖርም፣ የክፍሉን ልጆች ለማግኘት ሲል ብቻ እንደሚመጣ ጻፈ።

መልስ 15

ስለ ቲኬት ዋጋ ጥያቄ ነበር። መልስ 2 ላይ ያለችው እህት በውስጥ መስመር መለሰችለት።

መልስ 16

ይህንን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አዲስ አበባ ያደገ ኤርትራዊ ነው፤ አሁን ስዊድን ይኖራል። ተማሪ አልነበረም። በእ.ኤ.አ. 2015 አራት ወር ባስማኔ፣ አንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ ለስድስት ኖሯል። ያን ዓመት ሱቆቹ ብርቱካንማ የሕይወት ጃኬት በራቸው ላይ እንደ ልብስ ሰቅለው ይሸጡ ነበር። ርካሾቹ ውስጣቸው ውኃ የሚመጥጥ ስፖንጅ እንደሆነ ሰው ስለነገረው የእሱን ቀዶ አይቶ ነው የገዛው። በዚያ ዓመት ከቱርክ ዳርቻ ወደ ግሪክ ደሴቶች በባሕር የተሻገረው ሰው ከ850 ሺህ በላይ ነው። እሱ ከቼሽሜ በኩል ወደ ኪዮስ ተሻገረ፣ በሌሊት። ባሕሩን አላየውም፤ የሰማው ድምፁን ብቻ ነው።

ኢዝሚር ቤቴ ነበር ለማለት እንደሚከብደው ጻፈ። ግን ሆቴሉ ሥር ሻይ የሚያፈላ ሰውዬ ነበር። ጠዋት ጠዋት ለስድስቱም ሻይ ይሰጣቸውና ሒሳቡን ለነገ ይለዋል። ያ ነገ አልደረሰም፤ በአንድ ሌሊት ተጠርተው ወጡ። ስሙን እንኳ አያውቅም። ሒሳቡን መክፈል ይፈልጋል። ቼሽሜ ላይም ቆሞ ያን ባሕር በቀን ብርሃን ማየት ይፈልጋል። በሕጋዊው መርከብ ግማሽ ሰዓት ገደማ መንገድ ነው። ከእኛ ጋር ቢመጣ እንዳናስቸግር ሰግቶ ፈቃድ ጠየቀ።

ወንድሜ፣ ፈቃድ አይጠየቅም። እኔ ቼሽሜን የመዝናኛ ቦታ ነው ብዬ ከፕላኑ ሰርዤው ነበር። ተመልሷል። አንድ ሙሉ ቀን ለቼሽሜ ነው።

መልስ 17

መልስ 10 ላይ የተቆጣው ሰው ተመልሶ መጣ። ባስማኔ ላይ ያስቆሙት የነበረው ከስደተኞቹ አንዱ መስሏቸው ነው። ያኔ መታወቂያውን ሲያወጣ እኔ እንደነሱ አይደለሁም፣ ተማሪ ነኝ ይል ነበር። መልስ 16ን ካነበበ በኋላ ያ ቃሉ አሳፈረው። ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ በቁጣ አልጻፈም።

መልስ 18–21

ከርዕሱ ወጣን፣ ግን ጥሩ ጨዋታ ነበር። አንዲት እህት ቶርባሊ አጠገብ ባለ መንደር መልኳ እንደኛ የጠቆረ፣ ከቱርክኛ በቀር ምንም የማታውቅ አሮጊት አግኝታ እንደነበር አወራች። የሚቀጥለው ጸሐፊ እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሐበሻ ዘር ናቸው ብሎ ደመደመ። መልስ 20 ጠንከር አድርጎ አረመው። አፍሮ ቱርኮች አያቶቻቸው በኦቶማን ዘመን ለባርነት የተወሰዱ ናቸው፤ ከሱዳንም፣ ከኬንያም፣ ከእኛም በኩል። ሁሉንም የእኛ ማድረግ ታሪካቸውን መንጠቅ ነው አለ። ራሳቸውን ማደራጀት የጀመሩት በእ.ኤ.አ. 2006 አይቫልክ ከተማ ላይ ሙስጠፋ ኦልፓክ ባቋቋሙት ማኅበር ነው። እሳቸው በእ.ኤ.አ. 2016 አርፈዋል። አያቶቻቸው ያከብሩት የነበረውን ዳና ባይራም፣ የጥጃ በዓል፣ መልሰው በየፀደዩ ኢዝሚር ላይ ማክበር ጀምረዋል። መልስ 21 ቀኑን አጣርቶ እንደሚነግረን ቃል ገባ። እየጠበቅን ነው።

መልስ 22

ጾም አዋቂ ወንድም ነው። ሜይ 27 ረቡዕ እንደሚውል አየና የቴይዜን ታሪክ አስታወሰን። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ፣ ግንቦት 19 በዓለ ኀምሳ ውስጥ ነው፤ ረቡዕም ቢሆን አይጾምም አለ። ከዚያ ግን አንድ ሰው ገብቶ ክርስቲያን በኩርባን ቀን እዚያ ገበታ መቅረቡ ራሱ ልክ አይደለም አለና ክሩ ጋለ። የድሬዳዋዋ እህት፣ መልስ 4፣ ናት ያበረደችው። ድሬ ላይ በበዓል ቀን ጎረቤት ለጎረቤቱ የሚበላውን ለይቶ ያዘጋጃል፣ ማንም ማንንም አያስገድድም፣ የሚኬደው ለሰውዬው ነው አለች። እኔ የምጨምረው የለኝም።

መልስ 23

አሁን ቦርኖቫ እየተማረ ያለ የጅማ ልጅ ነው። ክሩን በሙሉ እንዳነበበ ነገረን። አድራሻውን በውስጥ ላኩልኝና ቅዳሜ ሄጄ ልጠይቅ አለ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ላክሁለት።

መልስ 24

ቅዳሜ ማታ ጻፈ። ሕንጻው የለም። መሬት መንቀጥቀጡ አልጣለውም፤ ግን ሲፈተሽ ደካማ ሆኖ ተገኘና ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠራ። ነዋሪዎቹ አዳዲስ ናቸው፤ የቴይዜን ስም የሚያውቅ አላገኘም። ያን ሌሊት አልተኛሁም። አዳማ ያለችው ጓደኛዬ ደውላልኝ ዝም ተባብለን ቆየን።

መልስ 25

መልስ 1 ላይ የጻፈው የጀርመኑ ወንድም ነው ብልሃቱን ያመጣው። የጅማውን ልጅ፣ ፎቁን ሳይሆን ባካሉን ጠይቅ አለው። ባካል የሰፈር ሱቅ ነው። ባለሱቁ የማን ልጅ የት እንደገባች ሁሉ ያውቃል።

መልስ 26

ባካሉ አወቃቸው። ቴይዜ አሉ።

ካርሺያካ በሚባለው የኢዝሚር ሰፈር ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ባለሱቁ ራሱ ለልጃቸው ደወለና ስልኩን ለጅማው ልጅ ሰጠው። ጉልበታቸው ደክሟል፣ ደረጃ አይወጡም። ማስታወሳቸው ግን ደህና ነው። የአራታችንንም ስም ጠርተዋል፤ የእኔን ድሮም እንደሚሳሳቱት ተሳስተው። ቡና የሚቆሉት ልጆች ብለው ስቀዋል። በባይራም የመጀመሪያ ቀን እንደምንመጣ ሲሰሙ ወዲያው ቀኑን ቆጠሩ። ረቡዕ ነው። አሁንም ይጾማሉ ወይ ብለው ጠየቁ። የጅማው ልጅ ሙስሊም ነው፤ በዓለ ኀምሳ የሚባለውን አያውቅም፤ አዎ አላቸው። እስከዚያ የኤንጊናር ወቅቱ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ገበያ ላይ ሲበዛ ገዝተው ልቡን አውጥተው ፍሪዘር ውስጥ ሊያስቀምጡልን ነው። ስንት እንደምንሆን ይነገረኝ ብለዋል።

መልስ 27

መልስ 22 ተመልሶ፣ ዘንድሮ ጾም እንዳልሆነ ይነገራቸውና አይልፉ አለ። በቅንነት እንደሆነ ገብቶኛል። ግን እባካችሁ ማንም እንዳይነግራቸው። እኔ ያን ሳህን ስምንት ዓመት ጠብቄዋለሁ።

ግንቦት 19 ካርሺያካ የምትመጡ እስከ መጋቢት 15 ስማችሁን አስመዝግቡ። እስካሁን ስምንት ነን፤ የስዊድኑን ወንድም ጨምሮ። መልስ 10፣ አንተም ብትመጣ ደስ ይለናል። ኤንጊናሩ የሚገዛው በሰው ቁጥር ነው።